የጠፋ ወርቅ በሜታል ዲቴክተር እንዴት ይፈለጋል? ሕጉስ የት ድረስ ይፈቅዳል?

የጥር ሰርግ አልፎ የካቲት ሲገባ ስልኬ ይበዛል። «ቀለበቴ ጠፋ፤ ማሽኑን ይዘህ ድረስልኝ» የሚል ነው። ከፋሲካና ከእንቁጣጣሽ ማግስትም እንደዚያው። የሚደውሉልኝ አብዛኞቹ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስና ለገሃር አካባቢ ያሉ ሰዎች ናቸው። ሌላው ጥያቄ ከወጣቶች ይመጣል፦ «ማሽን ገዝቼ ጃን ሜዳ ወይም የፈረሱ ሰፈሮች ላይ ብፈልግ ችግር አለው?»

ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው። ይህ መመሪያ የራሳችሁን ወይም የለመናችሁን ሰው ጌጥ፣ የጠፋበት ቦታ በግምት ሲታወቅ፣ ለመፈለግ ነው። ዝም ብሎ እየዞሩ መፈለግን በተመለከተ መልሱ ተራ ቁጥር 3 ላይ በዝርዝር አለ። ባጭሩ አይሆንም።

ማሽኑ ምን ያያል?

ይህን ሳታውቁ ብትጀምሩ ቀለበቱ ላይ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ስጡት።

ከዱላው ጫፍ ባለው ክብ ሳህን ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። በሽቦው ውስጥ አቅጣጫውን በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ የሚቀያይር ኤሌክትሪክ ያልፋል። ሳህኑ ስር የሆነ ብረታ ብረት ካለ በውስጡ ትንሽ ጅረት ይቀሰቀሳል። ማሽኑ የሚሰማው የዚያን ጅረት መልስ ነው። መልሱን ወደ ድምፅና ወደ ቁጥር ይለውጠዋል።

እንግዲህ ማሽኑ ወርቅን በስሙ አያውቀውም። የሚያውቀው ነገሩ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍና መጠኑን ብቻ ነው። የወርቅ ቀለበትና የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጣሉ። የሲጋራና የቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀትም ከትንሽ ቀለበት ጋር ይምታታል። ብር ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር ላይ ይቀመጣል። አልማዝ፣ ዕንቁና ጨሌ ጨርሶ አይታዩም።

ቀለበት ሙሉ ክብ ስለሆነ ጅረቱ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። የተሰነጠቀ ቀለበት ድምፁ ይደክማል። ቀጭን ሐብል ከሁሉም ይከብዳል። ማሽኑ እያንዳንዷን ጥቃቅን ዘለላ ለየብቻ ነው የሚያየው። ስለ ሐብል መጨረሻ ላይ ለብቻው ጽፌያለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ሜታል ዲቴክተር። ውድ መሆን የለበትም፤ የጋሬት ወይም የኖክታ መለስተኛ ማሽን ለግቢ ሣር ይበቃል። ማሽን ከሌላችሁ የሕንፃ ጥበቃዎች በር ላይ የሚያዞሩት የእጅ መፈተሻ ለጥቂት ካሬ ሜትር ይሠራል። ሰውነት ለመፈተሽ የተሠራ ነውና የሚደርሰው ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው።
- ትንሿ የእጅ ጠቋሚ፣ ካሮት የምታክለው። ትልቁ ማሽን «እዚህ አካባቢ» ይላል፤ እሷ «እዚህ ጋ» ትላለች።
- ሄድፎን። የደከመ ድምፅ በመኪና ጡሩምባ መሀል አይሰማም።
- መለዋወጫ ባትሪ ድንጋይ።
- ሲባጎና የእንጨት ችካል። ምስማር አትጠቀሙ፤ ማሽኑን ይረብሻል።
- የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማንኪያ፣ ትንሽ መኮትኮቻ፣ ጓንት።
- ወንፊት፣ ሳፋ፣ አፈር ማስቀመጫ ማዳበሪያ ወይም ላስቲክ።
- የእጅ ባትሪ።
- ከጠፋው ጋር የሚመሳሰል ቀለበት፣ ለሙከራ።
- መታወቂያ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

ማሽን ከውጭ ለማስመጣት ካሰባችሁ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የጉምሩክ ኮሚሽንን ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ቦሌ ላይ ከተያዘ በኋላ መሯሯጥ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል።

1. እጃችሁን አቁሙ፤ ከዚያ ጠይቁ

ቀለበት መጥፋቱ እንደታወቀ ሰው ሁሉ መጥረጊያ ያነሣል። አታንሡ። አትጥረጉ፣ ውኃ አትድፉ፣ ሣር አታጠጡ፣ ቆሻሻ አታውጡ። ቀለበቱ አሁን ያለው በወደቀበት ቦታ ነው። መጥረጊያ ካነሣችሁ በኋላ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ቀጥሎ ባለቤቱን በእርጋታ ጠይቁ። መጨረሻ ጣትዎ ላይ ያዩት መቼ ነው? ከዚያ በኋላ እጅዎን ታጠቡ? ጓንት አወለቁ? ሎሽን ተቀቡ? ሕፃን አነሡ? ቅዝቃዜ ጣትን ያቀጥናል፤ ሳሙና ያንሸራትታል። ብዙ ቀለበት የሚወልቀው በነዚህ ሰዓታት ነው።

ሰርግ ወይም ልደት ከነበረ የሰውን ሁሉ ስልክ ሰብስባችሁ ፎቶዎቹን በሰዓታቸው ተራ እዩ። ቀለበቱ ጣት ላይ የሚታይበትን የመጨረሻ ፎቶና የማይታይበትን የመጀመሪያ ፎቶ አግኙ። የተነሡበት ሰዓት ስልኩ ላይ አለ። የፍለጋው ቦታ ከአንድ ግቢ ወደ አንድ ጥግ የሚጠበው በዚህ ነው። እኔ ከማሽኑ ይልቅ በዚህ ዘዴ ነው ብዙ ጊዜ ያተረፍኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ባለቤቱ የቀለበቱን ምልክት ከፍለጋው በፊት ይንገራችሁ፤ ጻፉት። በውስጡ የተቀረጸ ስም ወይም ቀን አለ? ማኅተሙ ስንት ይላል? 750 ከሆነ 18 ካራት ነው፤ 875 ከሆነ 21 ካራት። በኋላ ሌላ ሰው «የኔ ነው» ቢል የምትፈርዱት በዚህ ወረቀት ነው።

2. ማሽኑን ሳታነሡ ቤቱን ጨርሱ

ውጭ ጠፋ የተባለ ቀለበት ቤት ውስጥ ሲገኝ ብዙ አይቻለሁ። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

የእጅ መታጠቢያውን ሲፎን ፍቱ። ከስሩ ሳፋ አስቀምጡ። ሲፎኑ ታጥፎ የተሠራው ውኃ እንዲይዝ ነው፤ ወርቅ ደግሞ ከባድ ስለሆነ እዚያው ይቀመጣል። ውኃ አብዝቶ መልቀቅ ግን ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ቧንቧውን መጀመሪያ ዝጉ።

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለ በሩ ዙሪያ ያለውን የጎማ እጥፋት በጣት ዳሱ። ሊጥ ተቦክቶ ከነበረ ቡሃቃውን እዩ። የሶፋውን እጥፋት፣ የአልጋውን ስር፣ የጃኬቱን የተቀደደ ኪስ ፈትሹ።

በዓል ከነበረ ቄጠማውን አትርሱ። አንዴ በፋሲካ ማግስት ጊዮርጊስ አካባቢ አንዲት እናት ጠርተውኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ የግቢውን ሣር ስዞር ቆየሁና ደከመኝ። «እማማ፣ የትናንቱ ቄጠማ የት ተጣለ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ከተን በር ላይ አኑረነዋል። ቆሻሻ የሚወስዱት ልጆች ዛሬ አልመጡም» አሉኝ። ማዳበሪያውን ላስቲክ ላይ ዘርግፌ የእጅ ጠቋሚዋን ሳዞር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ ወዲህ ከማዳበሪያው ነው የምጀምረው። እናንተም ቆሻሻው ከመወሰዱ በፊት ድረሱበት።

3. ፈቃድ ያዙ

ይህን ደረጃ የሚዘል ብዙ ነው። መያዝ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በላዩ ያለው ግቢ፣ ሕንፃና አትክልት ግን ሕጋዊ ባለይዞታ አለው። ሌላ ሰው ግቢ ገብቶ ማሽን ማዞርም ሆነ አፈር መንካት ያለ እሱ ፈቃድ አይቻልም።

ፈቃዱን የሚሰጠው እንደ ቦታው ይለያያል።

በግል ግቢ ባለቤቱ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩም ይወቅ፤ ሣሩ የሱ ነውና። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የነዋሪዎች ኮሚቴውን አናግሩ፤ ጥበቃውም ይነገረው። በሆቴልና በሰርግ አዳራሽ ሣር ላይ ሥራ አስኪያጁን ጠይቁ፤ አንድ ሠራተኛ አብሯችሁ ይቁም። ይህ እናንተንም ይጠብቃል።

ፓርክ፣ አደባባይና በኮሪደር ልማቱ የተተከለው ሣር የሕዝብ ነው። የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤት ሳታስፈቅዱ ማሽን አትዘርጉ። መቆፈር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም፤ ደንብ አስከባሪ ያስቆማችኋል፣ ያስጠይቃችኋልም። በወዳጅነት ፓርክ ለፎቶ ገብታችሁ ጌጥ ከጠፋባችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ለጥበቃና ለአትክልተኞቹ ቦታውን አሳይታችሁ ስልክ ተዉ። ሣሩን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ጃን ሜዳም በጥምቀት ማግስት እንዲሁ ነው። አስተዳደሩን ጠይቁ፤ ካልፈቀደ በዓይን ብቻ ፈልጉ።

የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ግቢ በአስተዳዳሪው ይጠየቃል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራልና ታዕካ ነገሥት በዓታ ግን ቅርስም መቃብርም ያለባቸው ስፍራዎች ናቸው። እዚያ ማሽን ይዛችሁ አትግቡ።

በቤተ መንግሥቱ፣ በፓርላማው፣ በአፍሪካ ኅብረት፣ በኢሲኤ፣ በኤምባሲዎችና በወታደራዊ ካምፖች ዙሪያ ማሽኑን ከቦርሳ አታውጡ። በአጥሩ ሥርም፣ በእግረኛ መንገዱም ቢሆን። ቀለበታችሁ እዚያ ከወደቀ መጀመሪያ የሚጠብቀውን ፖሊስ አናግሩ።

ፈቃዱ በቃል ብቻ አይቅር። አጭር ወረቀት ይበቃል፦

«እኔ ______ በ______ ክፍለ ከተማ ወረዳ ____ የሚገኘው ግቢ ባለይዞታ፣ አቶ/ወ/ሮ ______ በ____ ቀን ከ____ እስከ ____ ሰዓት የጠፋ ጌጥ በሜታል ዲቴክተር እንዲፈልጉ ፈቅጃለሁ። አፈር መንካት፦ ተፈቅዷል / አልተፈቀደም። ፊርማ፣ ስልክ።»

የመቆፈሩን ነገር ለይታችሁ አስፈርሙ። «ፈልግ» ማለት «ቆፍር» ማለት አይደለም።

ስታስረዱም ቃል ምረጡ። «መሣሪያ ይዤ መጥቻለሁ» ካላችሁ ጥበቃው ሌላ ነገር ነው የሚሰማው። «የጠፋ ቀለበት መፈለጊያ ማሽን» በሉ፤ ከፍታችሁ አሳዩ።

አሁን ወደ ሕጉ። ሦስቱን ማወቅ ይበቃችኋል።

የመጀመሪያው በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከአንቀጽ 1154 ጀምሮ ስለ ተገኘ ዕቃ ይናገራል። የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው በደንቡ መሠረት ማሳወቅ አለበት፤ ባለማሳወቁ ለሚደርሰው ጉዳትም ኃላፊ ነው። ዕቃ ስለጠፋ ብቻ የባለቤቱ መብት አይጠፋም። አግኝቶ የመለሰ ሰው ደግሞ ወሮታ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሲፈልጉ ያልፈለጋችሁትን ቀለበት ብታገኙ የናንተ አይደለም። ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወስዳችሁ አስመዝግቡ፤ የርክክብ ወረቀት ተቀበሉ። አግኝቶ ዝም ማለት በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስጠይቃል። አንድ ሌላ ድንጋጌ አለ፦ ተቀብሮ 50 ዓመት ያለፈውና ማንም ባለቤትነቱን ሊያስረዳበት ያልቻለ ሀብት የሚሆነው ለተገኘበት ነገር ባለቤት ነው። ወጣቶቹ ይህችን ይዘው ነው «እንግዲያው ልፈልግ» የሚሉት። ግን ያው ሕግ ለቅርስ የወጣውን ልዩ ሕግ አይነካም።

ሁለተኛው ያ ልዩ ሕግ ነው፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992። በዚህ አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግና መቆፈር የተከለከለ ነው። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፈር ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ደግሞ ወዲያው ማሳወቅ፣ ባለሥልጣኑ እስኪረከበውም ሳይነካካ መጠበቅ አለበት። ባለሥልጣኑ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። የድሮ መስቀል፣ ማኅተም፣ የጥንት ጌጥ ወይም የጠገራ ብር ክምችት ካጋጠማችሁ ሥራውን አቁሙ። አታጥቡት፣ አትፈግፍጉት፣ አትሽጡት። ባለበት ፎቶ አንሡና አሳውቁ። የት እንደምትሄዱ ከጠፋችሁ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄዳችሁ ጠይቁ።

ሦስተኛው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ነው። ለጌጥ ፈላጊ ብዙ አይነካውም። ያልተሠራ ወርቅ በማሽን መፈለግ ግን የማዕድን ፍለጋ ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ቀለበት ፍለጋ የጀመረ ሰው በዚያው ወደ ወርቅ ቆፈራ እንዳይሻገር ነው የማነሣው።

ስለ ፈረሱ ሰፈሮች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ግልጽ ላድርገው። ቤቱ ፈረሰ ማለት ቦታው ባለቤት አጣ ማለት አይደለም። ወይ በከተማ አስተዳደሩ እጅ ነው ያለው፣ ወይ ለአልሚ ተሰጥቷል። የሚገኘው ዕቃ የቀድሞ ነዋሪ ሊሆን ይችላል፤ ቅርስም ሊሆን ይችላል። በሁለቱም መንገድ የናንተ አይደለም። የቀድሞ ነዋሪ ሆናችሁ የራሳችሁን ጌጥ የምትፈልጉ ከሆነ በወረዳው በኩል በጽሑፍ ጠይቁ።

4. ቦታውን በሲባጎ ክፈሉ

ሰፊ ሣር በአንዴ አይጨረስም። ችካል ተክላችሁ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስመሮች አውጡ። የጨረሳችሁትን መስመር ምልክት አድርጉበት። ያለ ሲባጎ የሚፈልግ ሰው አንዱን ቦታ አራት ጊዜ ይዞርና ሌላውን ይዘለዋል፤ እሱ ግን ሁሉንም የጨረሰ ይመስለዋል።

ማሽኑን ከማብራታችሁ በፊት አመሻሹ ላይ የእጅ ባትሪውን መሬት አስጠግታችሁ በጎን አብሩ። ብርሃኑ ሣሩ ስር ለስር ይሄዳል፤ ወርቅ ካለ ያብለጨልጫል። ይህ ብቻ የጨረሰው ፍለጋ አለ።

5. በሌላ ቀለበት ሞክሩ

ተመሳሳይ ቀለበት ከጠፋው ሣር ዳር አስቀምጡ። ሳህኑን በላዩ አሳልፉ። የሚሰጠውን ቁጥርና ድምፅ ጻፉ። ቀለበቱን አቁማችሁ፣ ከዚያ ሣሩ ውስጥ ወሽቃችሁ ድገሙት። የቆመ ቀለበት ከተኛው ይልቅ ደካማ ድምፅ እንደሚሰጥ ትሰማላችሁ።

ይህ ደረጃ የሚጠቅመው ቁጥሩ እንደ ማሽኑ፣ እንደ ካራቱና እንደ ቀለበቱ ውፍረት ስለሚለያይ ነው። ሰው የነገራችሁን ቁጥር አትመኑ። ጆሯችሁ የለመደውን ድምፅ እመኑ።

የሙከራውን ቀለበት በክር እሰሩት። እሱም እንዳይጠፋ።

6. ማሽኑን ለመሬቱ አስተካክሉ

ቀይ አፈራችን ብረት አለው። ሳህኑን አፈሩ ላይ ስታስጠጉት ምንም ሳይኖር ሊጮህ ይችላል። ብዙ ማሽኖች መሬቱን የሚያስለምዱበት ቁልፍ አላቸው። ንጹሕ ቦታ ፈልጉ። ቁልፉን ተጭናችሁ ሳህኑን ከ3 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ጩኸቱ ሲረጋ ልቀቁ።

ከዚያ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም ማሽኑ ደካማ መልስ የመስማት አቅሙን፣ አስተካክሉ። መሀል ከተማ ሽቦ የሌለበት ቦታ የለም። ትራንስፎርመር ካለ፣ ወይም ስታዲየምና ለገሃር አካባቢ የባቡሩ መስመር ቅርብ ከሆነ ማሽኑ ያለ ምክንያት ይንጫጫል። ዝምታ እስኪያገኝ ዝቅ አድርጉት። ጥልቀት ይቀንሳል። ግን ትናንት የወደቀ ቀለበት ጥልቅ አይደለም፤ ሣሩ ሥር ላይ ነው። ስልካችሁን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉ። የራሳችሁን ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ብልጭልጭ ወረቀትን ደብቅ የሚለውን ማጣሪያ አጥፉት። ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ ወርቁም አብሮ ይደበቃል።

7. በዝግታ አዙሩ

ሳህኑ ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ አግድም እንደሆነ ይቆይ። ዳርና ዳር ሲደርስ ወደ ላይ አታንሡት። ያነሣችሁት ቦታ ያልታየ ቦታ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ዙር ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይፍጅ። ወደፊት ስትራመዱ አዲሱ ዙር የቀድሞውን ግማሽ ይደርብ።

መስመሩን ጨርሳችሁ ካላገኛችሁ ሲባጎውን በሌላኛው አቅጣጫ ዘርጉና በመስቀለኛ ድገሙ። ከሰሜን ስትመጡ የደከመ ድምፅ ከምሥራቅ ስትመጡ ሊጠነክር ይችላል።

ከቆርቆሮ አጥር ግማሽ ሜትር ራቁ። ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ጠርዝም እንደዚያው። እዚያ ትልቁ ማሽን አይረዳችሁም። በእጅ ጠቋሚዋና በጣት ሂዱ።

ድንኳን ተተክሎ የነበረበት ቦታ በምስማርና በቆርኪ የተሞላ ነው። ቆርኪ አንዳንዴ እንደ ጥሩ ጌጥ ያታልላል። ትዕግሥት ይጠይቃል። ያገኛችሁትን ቆርኪ ሁሉ ፌስታል ውስጥ ክተቱ፤ መልሳችሁ ከጣላችሁት ነገ እንደገና ይጮህባችኋል።

8. ሲጮህ ምን ታደርጋላችሁ

መጀመሪያ አትቆፍሩ። ተንበርከኩና ሣሩን በጣት ፈልቅቁ። በእጅ ጠቋሚዋ ነጥቡን አግኙ። አዲስ የጠፋ ቀለበት ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር በዚህ ይወጣል፤ እኔ እንዳየሁት ማለት ነው።

አፈሩ ውስጥ ከሆነና ፈቃዱ ካለ፣ ሣሩን በሦስት ጎን ብቻ ቁረጡ። አራተኛው ጎን እንደ በር ማጠፊያ ይቅር። ገልብጡትና አፈሩን ማዳበሪያ ላይ አውጡ። በፕላስቲክ ማንኪያ ሂዱ። 21 ካራት ወርቅ ለስላሳ ነው፤ የብረት መኮትኮቻ ይቧጥጠዋል፣ ድንጋዩንም ያስወልቀዋል። ስትጨርሱ አፈሩን መልሱ፣ ሣሩን ክደኑ፣ ርገጡት፣ ውኃ አጠጡት። በአንድ በኩል የተያዘው ሥር ሣሩን በሕይወት ያቆየዋል። በበጋ ካላጠጣችሁት ይደርቃል።

በክረምት ጭቃ ላይ ከወደቀ ሰው እንዳይረግጠው ቶሎ እጠሩ። 18 ካራት ወርቅ ከውኃ 15 ጊዜ ያህል ይከብዳል። በተረገጠ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል።

9. ኮብልስቶን ላይ ከሆነ

የምንረግጠው ጥቁር ድንጋይ ራሱ ማሽኑን ሊያስጮኸው ይችላል። ትልቁን ማሽን ተዉት። ቀለበት የሚገባው በድንጋዮቹ መሀል ባለው አሸዋ ነው። የእጅ ጠቋሚዋን በየስንጥቁ አስኪዱ። አሸዋውን በቀጭን እንጨት አውጡና በወንፊት አጥሩ፤ ከዚያ መልሱት። ድንጋዩን አትንቀሉ። አንዱ ከተነቀለ ጎረቤቱ ይላላል፤ መንገዱም የሕዝብ ነው።

መስቀል አደባባይን የመሰለ ንጣፍና ኮንክሪት ላይ ደግሞ ማሽን ጥቅም የለውም። ከስር ፌሮ ነው። በዓይንና በእጅ ባትሪ ፈልጉ።

ማስጠንቀቂያ

ማንሆል ውስጥ አትግቡ፤ ቀለበቱ ሲገባ ብታዩትም። እዚያ ያለው አየር ደቂቃ ሳይሞላ ራስን ያስታል፤ ሊያወጣ የገባው ሰውም ይሞታል። ለውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን አሳውቁ።

በመንገድ ዳር አትቆፍሩ። የኤሌክትሪክና የስልክ መስመሮች በቅርቡ በብዛት መሬት ውስጥ ገብተዋል።

ጥይት፣ ቦምብ ወይም የማታውቁት ከባድ ብረት ካገኛችሁ አትንኩት። ማሽኑን አጥፉ፣ ሰው አርቁ፣ 991 ደውሉ።

ብዙ ጊዜ የሚደረጉ ስህተቶች

መፍጠን አንደኛው ነው። ሁለተኛው ማጣሪያውን አለማጥፋት። የእኅቴ ጓደኛ ቀለበት ሲጠፋ እኔ ራሴ ይህን ስህተት ሠርቻለሁ። ቆርኪውና ወረቀቱ ስላሰለቸኝ ማጣሪያውን ከፈትኩ። ግማሽ ቀን በላዩ ተመላለስኩበት። በማግስቱ ማጣሪያውን አጥፍቼ ስመለስ ከመጀመሪያው ሲባጎ ሁለት ሜትር ላይ ነበር። ልጅቷ ያን ሌሊት ሳታለቅስ ልታድር ትችል ነበር።

በማግኔት ወርቅ መፈለግም አለ። ወርቅ በማግኔት አይሳብም። ማግኔት የሚጠቅመው ምስማርና ቆርኪ አስቀድሞ ለመልቀም ነው።

ሰው ሰብስቦ መፈለግም ጥሩ አይመስለኝም። አሥር ሰው ሣሩን ሲረግጥ ቀለበቱ ወደ ታች ይገባል። ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ በማሽን፣ አንዱ በእጅ ጠቋሚ።

ክፍያንም ሳይነጋገሩ መጀመር ጥል ያመጣል። ለሰው የምትፈልጉ ከሆነ ቢገኝም ባይገኝም የሚከፈለውን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሲገኝ በተራ ቁጥር 1 ላይ የጻፋችሁትን ምልክት አመሳክሩ፣ ፎቶ አንሡ፣ ምስክር ባለበት አስፈርማችሁ አስረክቡ።

የጠፋው ሐብል ከሆነ

ዲቴክተሩን በሙሉ ልብ አትመኑት። የሚይዘው መቆለፊያውን ወይም መስቀሉን ነው፤ ስለዚህ ሙከራውን በመቆለፊያው መጠን አድርጉ። ሴንሲቲቪቲውን የሚቻለውን ያህል ከፍ አድርጉ፤ ሳህኑ ሣሩን ሊነካ ይቅረብ። ለሐብል ደካማዋም ድምፅ ትመርመር።

ካልሆነ ሣሩን በመቀስ አሳጥሩና የታጨደውን በሙሉ ላስቲክ ላይ አድርጉ። በእጅ በትኑት፣ ከዚያ ሳፋ ሙሉ ውኃ ውስጥ ጨምሩት። ሣሩ ይንሳፈፋል፤ ወርቁ ከታች ይቀራል። ውኃውን ስትደፉ በወንፊት ላይ ድፉት።